የሽማግሌው ድምፅ በምን ፍጥነት ይሰማ?
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቴፕ መቅረጸ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1935 በበርሊን ለሕዝብ ከታየ ወዲህ ብዙ አገር አዳርሷል። በእኛም አገር የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ ሲጀምር ባለጥቅል መኪና የዕለት መሣሪያ ነበር። ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ግን በየገጠሩ በባትሪ ድንጋይ ስለ ተቀረጹት ክሮች ነው፤ በእነዚህ ላይ ያለው ቃል ሌላ ቅጂ የለውምና።

ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ቺንጋው እንደ ዝፍት ይቀልጣል፤ ፍሬኑም ይደርቃል። ስለዚህ አስቀድሞ በማይፈለግ ክር መፈተን ያሻል። ሄዱንና ካፕስታኑን በአልኮል በረጠበ ጥጥ መጥረግ ሁላችሁም የምታውቁት ስለሆነ አላራዝመውም። ክር የሚጫነው የጎማ መንኮራኩር ግን አልኮል ሲበዛበት ስለሚደርቅ እጃችሁን ቆጠብ አድርጉ።

ጅማ እርጥበት የሚበዛበት አገር ነው። ሻጋታው ቢቀር እንኳ የ1970ዎቹ አንዳንድ ክሮች እርጥበት ስበው ሄዱ ላይ ይጣበቃሉ። ክሩ ፖሊስተር ከሆነ መጠኑ በሚቆጣጠር ምድጃ በ54 ዲግሪ ገደማ ለብዙ ሰዓት ማሞቅ ይረዳል። ጥቅሉን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብርሃን ካሳለፈ አሴቴት ነውና ፈጽሞ አይሞቅም። ክርን እንደ ቡና በአልጋ ላይ ለፀሐይ ማስጣት ደግሞ ለሁለቱም ጥፋት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሄዱ አቀማመጥ ነው። በመመሪያው መሠረት ፍጹም የተስተካከለ ሄድ ለአሮጌ ክር ሁልጊዜ አይበጅም፤ የቀረጸው መኪና ሄዱ ጋደል ብሎ ከነበረ እኛም እንደዚያው ማጋደል አለብን። ቪቴውን በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው እስኪሰሙ ድረስ አድምጡ። ሥራው ሲያልቅ በመለኪያ ክር ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፍጥነቱ ነው። ከጅማ በስተደቡብ ካለው ከደዶ የመጣ አንድ ክር ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በኦሮምኛ ይተርኩበታል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1932 ያረፉ በመሆናቸው ያን ዘመን አይቶ የሚናገር ሰው ዛሬ ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል። ድምፁ ሲጀምር ደልደል ያለ ነው፤ እየቆየ ግን እየቀጠነና እየፈጠነ ይሄዳል። ምክንያቱ ሲቀረጽ ድንጋዩ እየደከመ ክሩ እየዘገየ መሄዱ ነው፤ በዘገየ መኪና የተቀዳ በትክክለኛው ሲጫወት ይፈጥናልና። በመብራት የተቀዳ ቢሆን ኖሮ ከበስተኋላ የሚሰማው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ መለኪያ በሆነን ነበር። እዚህ ግን እሱ የለም። ስለዚህ የሽማግሌውን ልጅ አስቀምጠን አሰማናቸው። አባታቸው ሲናገሩ እንዲህ እንደማይቸኩሉ ነገሩን፤ ቀስ በቀስ እያዘገየን በእሳቸው ጆሮ አስተካከልነው። እንዲህ ያለውን መለኪያ የሚንቅ ባለሙያ አለ፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም።

ለአሜሪካ የተሠሩ መኪኖችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል፤ 50ውን ኸርዝ ግን 60 አያደርገውም። ሞተሩ በኸርዝ የሚመራ ከሆነ በሴኮንድ 19 ሳንቲሜትር መሳብ የሚገባው ወደ 16 ይወርዳል። እዚህ አገር በእንዲህ ያለ መኪና የተቀዳ ክር በትክክለኛ መኪና ሲጫወት አንድ አምስተኛ ይፈጥናል፤ ጉምጉምታውም 60 ሆኖ ይገኛል። ፑሊውን ሳይለውጡ በዚያ መኪና አዲስ ቅጂ መሥራት አይገባም።

ክሩን በገለበጣችሁ ጊዜ የተጠቀማችሁበትን ፍጥነትና የሄዱን አቀማመጥ በሣጥኑ ላይ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የጅማ እርጥበት ቀለም ያስለቅቃል።