በሁለት ወንዞች መካከል የተነበቡ መጻሕፍት

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ዕለት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ስለ መጻሕፍት እንድናገር የሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን ስለ መረጠኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «ንባብ ለወጣቶች ያለው ጥቅም» የሚል ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ርእስ ከእኔ በፊት ብዙዎች ስለ ተናገሩበት፥ ጥቅሙንም ሁላችሁ ስለምታውቁት፥ መምህሬን አስፈቅጄ ርእሱን ጥቂት አጠበብሁት። የምናገረው ስለ ሁለት ዓይነት ልብ ወለዶች ነው። አንደኛው ዓይነት ሰው ከሞት አፋፍ እንዴት እንደሚተርፍ ይተርካል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው በሁለት ወገን መካከል ቆሞ ለየትኛው መታመን እንዳለበት ሲጨነቅ ያሳያል። ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው፥ በኋላ እንደምትሰሙት፥ በእኛ ቤት ሁለቱ አንድ ታሪክ ስለ ሆኑ ነው።

ልጅ ሳለሁ ደብረ ታቦር ከአክስቴ ቤት ተቀምጬ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር የተማርሁት። እዚያም በቀላል እንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ አገኘሁ። መርከቡ ተሰብሮ በሰው አልባ ደሴት ላይ የቀረው ሰው ከመርከቡ ስብርባሪ መሣሪያ ሲለቅም፥ ፍየል ሲያለምድ፥ እህል ሲዘራ፥ እኔም አብሬው የዘራሁ ይመስለኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ወደ ወረታ ተመልሼ ከጓሯችን ጥግ በሩዝ ገለባ ጎጆ ሠርቼ «ደሴቴ» አልሁት። አያቴ አይተው «ይህ ልጅ ምን ነካው? ብቻውን ሊኖር ያምረዋል?» አሉ።

ያን ጊዜ አልተረዳኋቸውም። ዛሬ ግን ሮቢንሰን ክሩሶ ከሰው ሁሉ ይልቅ አንድ ነገር እንደ ቀለለለት አስባለሁ። በደሴቱ ላይ ብቻውን በቆየባቸው ዓመታት «አንተ የማን ወገን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። እኔ ግን ገና በስምንት ዓመቴ ይህን ተጠይቄአለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሚሲዮን ጸሎት ቤት መዝሙር እዘምራለሁ፤ ለበዓል ወደ ወረታ ስመጣ ከአያቴ ጎን ቆሜ አስቀድሳለሁ። እዚያ «የደብተራ ልጅ» የሚለኝ ነበር፤ እዚህ «ፀረ ማርያም» የሚለኝ ነበር። አያቴ ደብተራ አልነበሩም፤ እኔም ማርያምን አልተጣላሁም።

ወደ አማርኛ መጻሕፍት የገባሁት በክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. መታተሙን፥ ከዚያም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አገር ሁሉ ማዳመጡን ወላጆቻችን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። በዘጠነኛ ክፍል ሳለን በዚህ መጽሐፍ ላይ ክርክር ተደርጎ ነበር። እኔም ተነሥቼ፥ «በዛብህ ጥፋተኛ ነው፤ ወላጆቹ ልጅ እየሞተባቸው ተጨንቀው ለእግዚአብሔር የተሳሉትን ስለት ለአንዲት ልጃገረድ ፍቅር ብሎ አፈረሰ» ብዬ ፈረድሁበት። ጉዱ ካሣንም አልማርሁትም። የባላባት ወገን ሆኖ በዘመዶቹ ላይ መናገሩን እንደ ክሕደት ቈጠርሁበት። ተጨበጨበልኝ። በዚያ ዕድሜ ፍርድ መስጠት እንዴት ይጣፍጣል!

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ደግሞ ከዚያ በኋላ አነበብሁ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ተልኮ በእጮኛውና በፊያሜታ፥ በሥራ ግዳጁና በዐይኑ በሚያየው እውነት መካከል ሲዋልል የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ታትሞ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ ወዲያውም ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ መናገር ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፥ እኛም ደብተራችንን አጥፈን ቤት ስንውል፥ «እገሌ ከማን ጋር ነው?» የሚለውን ጥያቄ በየምሽቱ እንሰማ ነበር። ያን ጊዜ ነው በዛብህ ላይ የሰጠሁትን ፍርድ ማሰብ የጀመርሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት ከቤተ መጻሕፍታችን ያገኘሁት መጽሐፍ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመ ሲሆን፥ የመጀመሪያ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ እርሱ ነው ይባላል። ደራሲው ከሩቅ አገር አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የተወለደው በዘጌ ነው። ከእኛ ዳርቻ ሆነው በጣና ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢመለከቱ፥ ከውሃው ማዶ ያለው አገር ማለት ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ በእኛው ሐይቅ ዳር ሰው እጅ መጀመሩን ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ታሪኩን ላላነበቡት በአጭሩ ልንገር። አንድ የክርስቲያን የጦር አለቃ በአረመኔ ንጉሥ ጦር ተሸንፎ ይማረካል። ከምርኮው ቀንበር የሚያላቅቀው ምንም የማያውቀው አንድ ደግ ነጋዴ የሰጠው ገንዘብ ነው። መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፥ ሴቷ ጦቢያ ይባላሉ። ዋሕድ ያን ነጋዴ ፈልጎ የአባቱን ወሮታ ሊመልስ ይወጣል፤ በመንገድም በባርያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። ከብዙ መከራ በኋላ መጨረሻው ከአረመኔው ወገን ንጉሥ ጋር ጋብቻና ዕርቅ ይሆናል። (ወሮታና ወረታ አንድ ድምፅ ያላቸው መሆናቸውን ያስተዋለ ጓደኛዬ፥ «ዋሕድ የፈለገው እኛን ነው» ብሎ አስቆናል።)

አንድ ምሽት በኩራዝ ብርሃን ሳነብ አያቴ፥ «የማን መጽሐፍ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አያቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የደራሲውን ስም ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«አፈ ቄሣር የተባለው?» አሉ።

«አዎን፥ አባባ።»

«ከዚህ ቤት ይውጣ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያቴ አባት በበጌምድር አርበኞች ዘመን፥ እነ አሞራው ውብነህ በዱር በገደሉ በሚዋጉበት ጊዜ፥ ከጠላት ጋር ተዋግተው ቈስለዋል። አያቴ በልጅነታቸው ያን ጠባሳ እየዳሰሱ አድገዋል። አፈወርቅ ግን በወጣትነቱ ሥዕል ሊማር ኢጣልያ ሄደ፤ ከዚያው አገር ሴት አገባ፤ በኔፕልስ አማርኛ አስተማረ፤ በኋላም ለአገሩ በሮማ የዲፕሎማት ሥራ ሠራ። ጠላት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ግን ለወራሪው አደረ። «አፈ ቄሣር» የተባለውም ስለዚህ ነው። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዞ በ1940 ዓ.ም. ሞተ።

መጽሐፉን ወደ ቤተ መጻሕፍት መለስሁት። ሦስት ቀን ቆይቼ ግን እንደ ገና ተዋስሁት፤ እውነቱን ለመናገር በሩዝ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ደብቄ ከጎተራው ጀርባ አነብ ነበር። የምወደው መጽሐፍና የማከብራቸው አያቴ በአንድ ቤት መኖር አልቻሉም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሲዋጉ ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች ለዓመታት ታስረው ነበር። ሁለቱም ደራሲዎች ኢጣልያን አይተዋል፤ አንዱ ወድዶ፥ አንዱ ታስሮ። የትኛው ክብር እንደሚገባው ለመፍረድ ዐሥራ ስምንት ዓመት መሙላት አያስፈልግም። ታዲያ ለምን ያን የዘጌ ሰው መጽሐፍ መተው አቃተኝ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ።

ያነበብሁትን ለእናቴ ደብቄ አላውቅም። አንድ ቀን ሩዝ ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ የጦቢያን ታሪክ ተረክሁላት። መጨረሻው ላይ ስደርስ፥ «ይህ ክፍል ግን ተፈጥሮአዊ አይደለም፤ ትናንት የተራረዱ ሰዎች እንዴት ዛሬ ይጋባሉ? ደራሲው ለማሳመር ብሎ ነው» አልሁ። በክፍል የተማርነውን ትችት መድገሜ ነበር። እናቴ ሰፌዱን አስቀምጣ አየችኝ።

«እኔ አባትህን እንዴት ያገባሁት ይመስልሃል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሜዳችን ጥቂት መናገር ይገባኛል። ፎገራ ከጉማራና ከርብ ወንዞች መካከልና ዙሪያ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ወንዞቹ ከጉና በኩል ካለው ደጋ አፈር ይዘው ይወርዳሉ፤ ጣናም በክረምት ይሞላል። ሩዙን፥ ከውሃው መጉደል በኋላ የሚዘራውን ጓያና ሽምብራ፥ በስማችን የሚጠሩትን የፎገራ ከብቶች ሣር፥ ይህን ሁሉ የሚሰጠን ይኸው ውሃ ነው። ሲቈጣ ደግሞ ቤት ድረስ ይገባል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራን፥ ሊቦ ከምከምንና ደንብያን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ከዚህ ካላችሁት ወላጆች ያልደረሰበት ጥቂት ነው።

በዚያን ጊዜ የአያቴ ቤትና የእናቴ አባት ቤት ደም ነበራቸው። በወሰን ጠብ የአያቴ የአጎት ልጅ ተገድሎ ነበር፤ ገዳዩ የእናቴ አጎት ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ሜዳ ላይ እየተያዩ ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ወንዶቹ ባዶ እጃቸውን አይወጡም ነበር። ጎርፉ በሌሊት ሲመጣ አያቴ አንዲት የደንገል ታንኳ ነበረቻቸው። ልጆቻቸውንና አያቴን፥ ማለት ሴቷን፥ ወደ ደረቁ ቦታ አሻገሩ። ሲመለሱ ሁለት በሬዎቻቸውና አንዲት ላም ከነማሰሪያቸው በበረት ነበሩ። ከዚያ ማዶ ደግሞ ከአንድ የሣር ጣራ ላይ የሴት ድምፅ በስማቸው ይጣራል። የደመኞቻቸው ቤት ነበር።

አያቴ ወደ ጣራው ቀዘፉ። አንዲት አሮጊትና የልጅ ልጇን አወረዱ። ልጅቷ እናቴ ነበረች።

ከብቶቹ አለቁ። ውሃው ከጎደለ በኋላም የአያቴ ወንድሞች፥ «የወገንህን ደም ረስተህ ጠላት አዳንህ» ብለው ማዕድ ከለከሉአቸው። «ከዳተኛ» ብለዋቸዋል። ይህን ቃል አያቴ ራሳቸው ተሸክመውት ነበር ማለት ነው! ቆይቶ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ካሣ ተከፈለ፤ ዕርቁ እንዲጸና በልማዳችን መሠረት ሁለቱ ቤቶች ተጋቡ። እኔ የተወለድሁት በ2000 ዓ.ም. ነው።

ይህን በሰማሁ ማግሥት መጽሐፉን በግልጽ ይዤ ወደ አያቴ ሄድሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባባ፥ እርስዎንም ከዳተኛ ብለዋችሁ ነበር አሉ» አልሁ።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «እኔ የተሻገርሁት የሚሰጥም ሰው ላወጣ ነው። እርሱ የተሻገረው ከሚያሰጥመው ዘንድ ነው። አንድ አታድርገን» አሉኝ።

ልክ ናቸው፤ እኔም አንድ አላደርጋቸውም። በሁለት ወገን መካከል የቆመ ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። አፈወርቅ ያደረገውን ማወቅ አለብን፤ በመጽሐፉ መጀመሪያም ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ዳሩ ግን ያ ሰው ከወረራው ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ባዕድ አገር ተቀምጦ፥ የማያውቀውን ሰው ከባርነት ስለሚያላቅቅ ነጋዴ ጽፎአል፤ ስለ ጠላት ቤት ጋብቻም ጽፎአል። እርሱ በሕይወቱ ያልጠበቀውን በመጽሐፉ ያስቀመጠውን ነገር አያቴ መጽሐፉን ሳያነቡ በታንኳቸው ላይ ሠርተውታል። እኔ መተው ያቃተኝ ይህን ነው። በዛብህም ላይ ዛሬ ክርክር ቢደረግ ዝም ብዬ እቀመጥ ይሆናል። ጉዱ ካሣን ግን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

አያቴ ዐይናቸው ደክሟል፤ ማንበብ አይችሉም። ባለፈው ወር የሩዙ አጨዳ አልቆ እሳት ዳር ስንቀመጥ፥ ደራሲውን ሳይጠሩ፥ «እስቲ ያን የነጋዴውን ነገር አንብብልኝ» አሉኝ። ካባት ምርኮ ጀመርሁላቸው። በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት እናነባለን፤ ጦርነቱ ላይ ሲደርሱ ያርሙኛል፥ «እንዲህ አይሰለፍም» ይላሉ። ትናንት ማታ ዋሕድ በባርያ ፈንጋዮቹ እጅ የወደቀበት ቦታ ደርሰን እንቅልፍ መጣብኝና መጽሐፉን ዘጋሁ። አያቴ በጨለማው ውስጥ፥

«ታዲያ ነጋዴውን አገኘው?» አሉኝ።

«ነገ ነው አባባ» አልኋቸው። ዛሬ ማታ ስለሚጠብቁኝ፥ ክቡራንና ክቡራት፥ ንግግሬን እዚህ ላይ እንዳቆም ይፈቀድልኝ።