ሄፓታይተስ ሲ፦ ያልተመረመረ ማኅበረሰብ አይቆጠርም



ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ የሚድን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ አገልግሎት ላይ የዋሉት የሚዋጡ መድኃኒቶች ከ8 እስከ 12 ሳምንት ተወስደው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ታካሚዎች ይፈውሳሉ። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2022 ብቻ 242,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎችም ቫይረሱን ተሸክመው ይኖራሉ። መድኃኒቱ ተገኝቶ ሳለ ሞቱ ካልቆመባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ብዙዎቹ ሕሙማን መያዛቸውን አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ በሜፕልዉድም ሆነ በመላው የራምዚ ካውንቲ የሚነሣው ጥያቄ ከሕክምና ይልቅ የፖሊሲ ጥያቄ ነው፦ ማን ይመረመራል? ማንስ ይቆጠራል?

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የጉበት ሕመም ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ዐይንን ቢጫ የሚያደርገው «የወፍ በሽታ» ነው። ሄፓታይተስ ሲ ግን በአብዛኛው ይህን ምልክት አያሳይም። ከተያዙት ሰዎች 30 በመቶ ያህሉ ያለ ሕክምና በስድስት ወር ውስጥ ከቫይረሱ ይነጻሉ፤ በቀሩት ላይ ሕመሙ ሥር ይሰድዳል። ሥር ከሰደደባቸው መካከል ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳ ተሸፍኖ ሥራውን ወደ ማቆም ያዘነብላል፤ ለጉበት ካንሰርም ይጋለጣሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እዚህ ላይ ግን የሚደበቀው ታማሚው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው።

የበሽታው ስርጭት በሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል እኩል አይደለም። በአሜሪካ ከ1945 እስከ 1965 የተወለዱት ሰዎች ለረጅም ጊዜ ከፍተኛውን ድርሻ ይዘው ቆይተዋል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ቫይረሱ የታወቀው በ1989፣ የደም ልገሳን በአስተማማኝ ሁኔታ ማጣራት የተጀመረውም በ1992 መሆኑ ነው። ዛሬ አዲስ የሚያዙት በብዛት መርፌ የሚጋሩ ወጣት ጎልማሶች ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃም ሆነ በሚኒሶታ ከሕዝብ ቁጥራቸው አንጻር ከባዱን ሸክም የተሸከሙት የአገሬው ተወላጆች፣ ማለትም አሜሪካውያን ሕንዶች ናቸው።

ከእነዚህ ጋር አብሮ የማይጠራ ሌላ ቡድን አለ፤ እርሱም ስርጭቱ ከፍ ካለባቸው አገሮች የመጣው ስደተኛ ነው። በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ከተመረመሩት 3.1 በመቶ በሚሆኑት ደም ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱን አመልክቷል። በአሜሪካ አዋቂዎች ዘንድ ከ2013 እስከ 2016 የነበረው ተመሳሳይ ግምት 1.7 በመቶ ነበር። በዚሁ በሚኒሶታ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በሶማሌ ስደተኞች ዘንድ ሄፓታይተስ ሲ ብርቅ አለመሆኑንና ከጉበት ካንሰር ጋር ያለውን ጥብቅ ቁርኝት አሳይተዋል።

እንዲህ ያለው ማኅበረሰብ ከምርመራ የሚቀረው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ቤት የሚቀርበው ጥያቄ ነው። ምርመራው የሚታዘዘው «አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ወስደው ያውቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ከሆነ፣ አንድ አረጋዊ ኢትዮጵያዊ «በፍጹም» ብለው ሳይመረመሩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን ቫይረሱ በትክክል ባልጸዳ የሕክምና መርፌ፣ በጥርስ ነቀላና ባልተጣራ ደም ይተላለፋል። በግብፅ ለቢልሃርዝያ ሕክምና በተደረጉ ዘመቻዎች ላይ መርፌዎች ተደጋግመው በማገልገላቸው ሚሊዮኖች ተይዘዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «እኛ እንደ እነርሱ አይደለንም» የሚል መሆን የለበትም። መርፌ የሚጋሩ ወጣቶች በስደተኛው ቤተሰብም ውስጥ አሉ፤ ነውሩ የበዛበት ቤት ልጁን ከምርመራ ያርቀዋል።

ሁለተኛው መንገድ የአገባቡ ልዩነት ነው። በስደተኝነት ተመዝግቦ የመጣ ሰው ሚኒሶታ ሲደርስ የጤና ምርመራ ይደረግለታል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የመጣው ግን ይህ ሥርዐት አይመለከተውም፤ ለቪዛ ያለፈበት የጤና ምርመራም ሄፓታይተስ ሲን አይጨምርም። አንድ አገር፣ አንድ ትውልድ፣ ምናልባትም አንድ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ይመረመራል፤ ሌላው ይታለፋል።

መፍትሔው በመመሪያ ደረጃ ተጽፎ ተቀምጧል። የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2020 እያንዳንዱ አዋቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በየእርግዝናዋ እንድትመረመር መክሯል። መርፌ የሚጋሩ ሰዎች ምርመራውን በየጊዜው መድገም አለባቸው። በ2023 ደግሞ ምርመራው በአንድ ቀጠሮ እንዲጠናቀቅ አሳስቧል። ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ሰውየው አንድ ጊዜ መጋለጡን እንጂ ዛሬ መታመሙን አያረጋግጥም፤ ይህን የሚለየው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ሁለተኛው ምርመራ ነው። ለሁለተኛው ምርመራ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ የሥራ ፈቃድና ሌላ አስተርጓሚ ካስፈለገ ብዙዎች መሐል መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከ2013 እስከ 2022 በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ላቦራቶሪ መረጃ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሰዎች ከቫይረሱ መንጻታቸው የተረጋገጠው 34 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2024 የተፈቀደው፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በአንድ ሰዓት ገደማ ውጤት የሚሰጠው ምርመራ ይህን ክፍተት ለመዝጋት ያስችላል።

ለሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤቶች የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ምርመራው በአደጋ መጠይቅ ላይ ሳይመሠረት፣ ወደ ሐኪም ለሚሄድ አዋቂ ሁሉ እንደ መደበኛ አገልግሎት ይቅረብ፤ የማይፈልግም «አልፈልግም» የማለት መብቱ ይጠበቅለት። የኒውዮርክ ግዛት ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የምርመራ ሕግ ለዚህ አርአያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ናሙና ፀረ እንግዳ አካል ሲያሳይ ላቦራቶሪው ሌላ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ቫይረሱን ይመርምር። በጣት ጠብታ የሚሠራውም ምርመራ ስደተኞች በሚሰባሰቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ማዕከላት እንዲደርስ በጀት ይመደብ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ በትውልድ አገርና በቋንቋ ተለይቶ ይመዝገብ። «ጥቁር» የሚለው አንድ ዓምድ በሴንት ፖል የተወለደውን አፍሪካ አሜሪካዊና ትናንት ከጎንደር የመጣችውን እናት አንድ ላይ ያጠቃልላል። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ በኤችአይቪ ሪፖርቱ በአፍሪካ የተወለዱትን ለይቶ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ በሄፓታይተስ ሲም ይኸው መለኪያ ሊሠራ ይችላል። ይህ ሲደረግ የግል ምስጢር መጠበቅ፣ መረጃውም ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዳይውል በሕግ መታገድ አለበት። አለዚያ የሚፈራ ሰው አይመረመርም።

ያልተመረመረ አይቆጠርም፤ ላልተቆጠረም በጀት አይያዝለትም። በጀት ያልተያዘለት ማኅበረሰብ ደግሞ ሕመሙን የሚያውቀው ጉበቱ ከደከመ በኋላ ነው። በጥቂት ሳምንታት ኪኒን የሚድን ሰው በጉበት ካንሰር እንዳይሞት ማድረግ ከሕክምና ዐቅም በላይ አይደለም፤ የቀረው የሕግ አውጪዎች ውሳኔ ነው።