መረጃ በመብራት መስመር

አቅራቢ 1፦ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የመብራት ሽቦ መረጃም ያመላልሳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል፤ የመረጃው ሞገድ ግን በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ስለሚርገበገብ ሁለቱ ሳይደበላለቁ በአንድ ሽቦ ያልፋሉ።

አቅራቢ 2፦ የሚያስፈልገው ጥንድ አዳፕተር ነው። አንደኛው ሶኬት ላይ ተሰክቶ በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ይያያዛል፤ ሌላኛው ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ይሰካል። ወፍራም ግድግዳ ዋይፋይን በሚያፍንበት ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አቅራቢ 1፦ አሰካኩ ግን ጥንቃቄ ይሻል። አዳፕተሩ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ቢሰካ ይመረጣል፤ በተለይ ከኃይል መዋዠቅ የሚከላከሉ ማከፋፈያዎች የመረጃውን ሞገድ ጭምር ሊያዳክሙት ይችላሉ። ጥራት የጎደላቸው ቻርጀሮችና ሞተር ያላቸው ዕቃዎችም ይረብሹታል። ሦስት ፌዝ በገባበት ቤት ደግሞ ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ግንኙነቱ ሊደክም፣ ጭራሹንም ሊጠፋ ይችላል።

አቅራቢ 2፦ ፍጥነቱም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሆምፕላግ ኤቪ የተባለው የእነዚህ አዳፕተሮች መስፈርት የሚጠቅሰው በሰከንድ 200 ሜጋቢት የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ በተግባር ከግማሽ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ሞገዱ ወደ ጎረቤት መስመርም ሊሻገር ስለሚችል፣ የሁለቱንም አዳፕተሮች የማጣመሪያ ቁልፍ ተጭኖ የራሳቸው ምስጢራዊ ኮድ እንዲኖራቸው ማድረግ ለነገ የሚባል አይደለም።