የቤቱ እመቤት፦ እቴጌ መነንና ግቢያችን

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከግቢያችን ታሪክ አንድ ነገር አጫውችን» ሲሉኝ ብዙ አላመነታሁም። እስቲ እጃችሁን አውጡ፤ በስድስት ኪሎ ቆይታችሁ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ገብታችሁ የእቴጌ መነንን መኝታ ቤት ያያችሁ ስንት ናችሁ? አያችሁ! እኔም ከእናንተ የተሻልኩ አልነበርኩም። ወደ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ስሮጥ ዓመታት አለፉ። መኝታ ቤቱን ያየሁት ከተመረቅሁ በኋላ፣ እናቴን ይዤ ስሄድ ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚያ ክፍል ባለቤት ነው።

እቴጌ መነን አስፋው በ1883 ዓ.ም. በወሎ አምባሰል ተወለዱ። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስለሆኑ፣ ልጅ ኢያሱ ለእቴጌይቱ አጎት ነበሩ ማለት ነው። እንደ ዘመኑ የመኳንንት ልማድ ገና በልጅነታቸው ተዳሩ። በ1903 ዓ.ም. ሐረር ላይ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ሲያገቡ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ትዳርንም፣ ፍቺንም፣ ወሊድንም አይተው ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ለልጃቸው ብለው ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። እኛ ይህን ስንማር የጦር አሰላለፉን ነው የምናጠናው። እስቲ አንድ ጊዜ ከቤት ውስጥ ሆናችሁ እዩት። ባል ካሸነፈ አያት ይወድቃሉ፤ አያት ካሸነፉ ባል ይጠፋል። በየትኛው ድል እልል ይባላል? እቴጌ መነን ከዚያ በኋላም ከባለቤታቸው ጎን አርባ አምስት ዓመት ያህል ኖሩ፤ በጠቅላላውም ስድስት ልጆች አፈሩ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ጫኑ። በዓመቱ ገደማ በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በልጅነታቸው የተዳሩ ሴት፣ የሰው ሴት ልጆች ከትዳር በፊት ፊደል የሚቆጥሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች ነጥዬ ማየት አቅቶኛል።

ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ሲቀመጡ፣ የእንግሊዝ ብርድ ለጤናቸው አልስማማ ያላቸው እቴጌ ብዙ ጊዜያቸውን በኢየሩሳሌም አሳለፉ። በዚያ የስደት ዘመን አገሬ ነጻ ከወጣች ብለው ዘውዳቸውን ለእመቤታችን ተሳሉ። ነጻነት ሲመለስም ስእለታቸውን አልረሱም፤ ዘውዱን ወደ ቤተ ልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን ላኩ። ስለት የማያደርስ ሹም ሞልቶ በነበረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንደ እናት ያዩት መከራ ግን ከስደቱም ይብሳል። ልዕልት ዘነበወርቅ በ1926፣ ልዕልት ፀሐይ ደግሞ ከስደት በተመለሱ በማግሥቱ ማለት ይቻላል፣ በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት አረፉ። ልዕልት ፀሐይ በለንደን የነርስነት ሙያ የተማሩ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ሞቱ። ገነተ ልዑል ከውጭ ሲያዩት የክብር ቤት ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ የለቅሶ ቤት ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ነበሩ፤ እቴጌይቱ እዚሁ አዲስ አበባ። ሙከራው ሲከሽፍ ሚኒስትሮችና መኳንንት በዚሁ ቤት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲው ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ፤ እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ። በመካከሉ ሁለት ወር ብቻ ነው። እኛ ስንገባ እሳቸው ወጡ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለውን ሳልናገር ብቀመጥ ውሸታም እሆናለሁ። ያ ቤት የቆመው በገባሩ ላብ ነበር። ከኛ ቀድመው እዚህ የተማሩት በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ እውነት ይዘው ነው የወጡት። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ የእቴጌይቱ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅና የልጅ ልጆቻቸው ያለ ፍርድ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ታሰሩ፤ ይህም እውነት ነው። ትምህርት ቤቱም «የካቲት 12» ተባለ። እኔ የተማርኩት በዚህ ስም ነው። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ «መነን» ከማለት በቀር ሌላ ስም አልወጣትም፤ በዚህ የተነሳ ስንት ቀን ተኳርፈናል! ገርሞኝ የኖረው ግን፣ የካቲት 12ም ቢሆን እዚሁ ገነተ ልዑል ደረጃ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት ቀን የተወሰደ ስም መሆኑ ነው። በሁለቱም ስም ብንጠራው የሚመልሰን ወደ አንድ ቤት ነው።

እናቴ እዚያ ትምህርት ቤት አዳሪ ሆና የገባችው በ1940ዎቹ ነው። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ለዓመታት አውራ ጣቷን ቀለም እየነከረች የምትፈርምበት የመሬት ወረቀት ነበራት። እናቴ አንድ ክረምት ለእረፍት ስትመጣ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥታ አነበበችላት። የተጻፈው ለአያቴ ሲነገራት የኖረው አልነበረም። አያቴ ዝም ብላ ሰምታ ሲያበቃ፣ «ታናሽሽንም ውሰጃት» አለች። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። አክስቴም በዚያው ዓመት ተመዘገበች።

እኔ «መሬት ለአራሹ»ንም እቴጌ መነንንም የማየው ከዚያ ሳጥን ላይ ሆኜ ነው። ሥርዓቱ አያቴን በማታነበው ወረቀት አስፈረማት፤ የዚያው ሥርዓት እመቤት ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ደግሞ ወረቀቱን የምታነብ ልጅ ሰጣት። አንዱን ይዤ አንዱን መጣል አልችልም። እናንተም እንድትጥሉ አልፈልግም።

እናቴን ወደ መኝታ ቤቱ የወሰድኳት ቀን ብዙ አልተናገረችም። ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እኔ አፈርኩ፤ ተማሪዎች ያዩን ነበር። ዛሬ የማፍረው ያኔ ስላፈርኩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁና ልቀመጥ። የመጀመሪያው ለመምህራኖቻችን ነው። ከነጻነት በኋላ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተማሩ እናቶች ዛሬ ሰማንያንና ዘጠናን የያዙ ናቸው። የታሪክ ተማሪዎቻችሁን መቅጃ አስይዛችሁ ላኩልን፤ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ በየቤታቸው ምን እንደለወጠ ይጠይቋቸው። እናቴን ሳልቀዳት ነው ያለፈችው። ሁለተኛው ለእኛ ለምሩቃን ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ፎቶ ልንነሳ ወደ አንበሳው ደረጃ መሄዳችን አይቀርም። ከዚያ ወደ ቤቱ ግቡ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። ያ ክፍል የማን እንደነበር ሲጠይቋችሁ፣ «የንጉሡ ሚስት» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው።