የሕክምና ክፍያና በድርቅ የተጎዳው ሕዝብ

(ለዕርዳታና ለማቋቋሚያ ሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ሕክምና ለሕዝብ ሁሉ በነጻ ይሰጥ ወይስ ሕመምተኛው ይክፈልበት የሚለው የቆየ ክርክር ነው። ክርክሩ ዘወትር የሚካሄደው በጤና ጥበቃ ባለሙያዎችና በበጀት ኃላፊዎች መካከል ነው። በዕርዳታና በማቋቋሚያ ሥራ የተሰማራው ወገን ድርሻው እህል፣ መጠለያ፣ ዘርና የእርሻ በሬ ማቅረብ ነው፤ ሕክምናው የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ አለ። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ አስተያየት ለሥራችን የማይበጅ መሆኑን ነው። ድርቅ ባጠቃው ወረዳ ውስጥ በጤና ጣቢያ በር ላይ የሚጠየቀው ሒሳብ የሚከፈለው ከደመወዝ አይደለም፤ ከበሬው፣ ከፍየሏና ለዘር ከተቀመጠው እህል ነው። ስለዚህ የሕክምና ክፍያ ጉዳይ የዕርዳታ ጉዳይ ነው።

ክርክሩ የተጓዘበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት የመንግሥታት መልእክተኞች የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ለሰው ልጅ ሁሉ እንዲዳረስ ተስማምተው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን የብዙ አፍሪካ አገሮች ዕዳ ከበደ፤ ለጤና የሚመድቡትም ገንዘብ ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1987 የዓለም ባንክ ታካሚዎች ለሚያገኙት አገልግሎት ዋጋ እንዲከፍሉ የሚመክር ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች ባማኮ ላይ ተሰብስበው፣ መሠረታዊ መድኃኒቶች ለኅብረተሰቡ እየተሸጡ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ በኅብረተሰቡ ቁጥጥር ሥር ተመልሶ ሌላ መድኃኒት የሚገዛበትን አሠራር ተቀበሉ።

ውጤቱ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ክፍያ ስትጀምር፣ በናይሮቢ በአንድ የአባላዘር በሽታዎች ማከሚያ በየወሩ ይታከሙ የነበሩት ወንዶች ቁጥር ከቀድሞው ወደ 40 በመቶ፣ የሴቶቹም ወደ 65 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በሽታው ግን በዚያው ልክ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ የቀነሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሰው ነው። ዑጋንዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2001 በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ይጠየቅ የነበረውን ክፍያ ስታነሣ፣ ለመታከም የሚመጣው ሕዝብ በብዛት ጨመረ፤ በተለይም ድኻው በሩን ደፍሮ ገባ። ይሁን እንጂ የመድኃኒቱ አቅርቦት ከሕመምተኛው ብዛት ጋር እኩል ባለመራመዱ፣ ብዙ ሰዎች በነጻ ተመርምረው መድኃኒቱን ከግል መደብር ለመግዛት ተገደዱ።

ሁለቱም ምሳሌዎች ሊጤኑ ይገባል። የመጀመሪያው ክፍያ ድኻውን ከበር እንደሚመልስ ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ ክፍያን በአዋጅ ማንሣት ብቻ መድኃኒትን በመደርደሪያ ላይ እንደማያስቀምጥ ያስተምራል።

ስለ ክፍያ የሚቀርበው ምክንያት

የክፍያን ደጋፊዎች ለድኻው ደንታ የሌላቸው አድርጎ መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። የሚያቀርቡት ምክንያት ከሥራ ልምድ የመጣ ነው። በአገራችን ቀደም ሲል ከታካሚዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ይሆን ስለነበረ፣ ገንዘቡን የሰበሰበው ጤና ጣቢያ ለአንድ ጥቅል ፋሻ እንኳ ሊያውለው አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስልት ይህን አሠራር ለመለወጥ መንገድ ከፈተ። ጤና ድርጅቶች የሰበሰቡትን ይዘው መድኃኒት እንዲገዙበትና ቤታቸውን እንዲያድሱበት ተፈቀደ። በዚህም ምክንያት ባዶ የነበሩ ብዙ መደርደሪያዎች መድኃኒት አገኙ።

ከዚህም ጋር ሁለት መከላከያዎች ተደርገዋል። አንደኛው፣ እንደ ክትባት፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና እንደ ወሊድ አገልግሎት ያሉት ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሰጡ መደረጉ ነው። ሁለተኛው፣ መክፈል የማይችለው ድኻ በአካባቢው አስተዳደር ተመስክሮለት የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዲያገኝና ወጪውን አስተዳደሩ እንዲሸፍንለት መወሰኑ ነው። እነዚህ መከላከያዎች በመልካም ጊዜ ብዙ ሰው ያድናሉ። ጥያቄው በክፉ ጊዜስ ይጸናሉ ወይ የሚለው ነው።

ድርቅ ሲመጣ

ድርቅ ድኻውን ብቻ አይመታም፤ ትናንት ድኻ ያልነበረውንም ድኻ ያደርጋል። የነጻ ሕክምና መዝገብ የሚዘጋጀው ግን ሁሉም ባለበት በረጋበት ወቅት ነው። በመስከረም ሁለት በሬና አሥር በግ የነበረው ገበሬ በመዝገቡ ላይ አይሰፍርም። በየካቲት በጎቹ አልቀውበት፣ አንዱን በሬ በርካሽ ሸጦ ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ መዝገቡ አሁንም ከፋይ ነው ይለዋል። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ የቀረውን በሬ መሸጥ ወይም ልጁን ይዞ መመለስ። የመጀመሪያውን ቢመርጥ ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት የለውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ከተረጂዎች ሰልፍ ላይ እናገኘዋለን። ሁለተኛውን ቢመርጥ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረኀብ መርምሮ እንዳስረዳው፣ ሰው የሚራበው እህል ከገበያ በመጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ እህሉ እያለ የሚገዛበት አቅም ሲጠፋም ይራባል። በሕክምናም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ጤና ጣቢያው ተሠርቷል፣ መድኃኒቱም አለ፣ ሐኪሙም ተቀምጧል፤ በበሽተኛውና በመድኃኒቱ መካከል የቆመው ግን የገንዘቡ እጦት ነው።

በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በባቲና በመቀሌ በነበሩት መጠለያዎች ብዙውን ሰው የጨረሰው ባዶ ሆድ ብቻ አልነበረም። በረኀብ በደከመ ሰውነት ላይ የመጡት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ተስቦና ግርሻ ናቸው። ተጎጂው ከሁሉ ነገር ተራቁቶ ወደ መጠለያ ከገባ በኋላ ሕክምናው በነጻ ይሰጠዋል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከስድስት ወር በፊት፣ ገና በቤቱና በማሳው ላይ ሳለ፣ በጥቂት ብር ይድን የነበረውን ሰው እስኪራቆት ጠብቆ ማከም ወጪውን ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

የሠፈራው ሁኔታ

በሠፈራ ጣቢያዎች ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ኢሉባቦርና ሌሎች ቦታዎች 600 ሺህ ያህል ሰዎች ተወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራምም 2.2 ሚሊዮን ሰዎችን በየክልላቸው ውስጥ ለማስፈር የታቀደ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ብዙው ሰፋሪ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ነው። የደጋ ሰው ለወባ የተለማመደ ሰውነት የለውም። ወባ የመከላከል አቅም ወደሌለው ሕዝብ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1958 የደረሰው ወረርሽኝ አሳይቷል፤ በዚያን ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል። በመተማና በሁመራ ቆላዎች ደግሞ ካላዛር አለ። ይህ በሽታ ካልታከመ የሚገድል ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን የተሠራበት ሕክምና ለ30 ቀን በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጥ እንኳ፣ በሽተኛው ለአንድ ወር ሆስፒታል ሲተኛ የአስታማሚው ስንቅና መጓጓዣ፣ የሚቀረውም እርሻ በቤተሰቡ ላይ የሚወድቅ ዕዳ ነው። ገንዲ ከብቱን የፈጀበት ሰፋሪ ደግሞ ለመሸጥ እንኳ በሬ የለውም።

ከሁሉ የሚብሰው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የነጻ ሕክምና ወረቀት የሚሰጠው ሰውየውን በሚያውቀው ቀበሌ ምስክርነት ነው፤ ወጪውን የሚከፍለውም ያ አስተዳደር ነው። ሰፋሪው የሚያውቀውን ቀበሌ ትቶ ወጥቷል፤ የደረሰበት ቀበሌ ደግሞ ገና አያውቀውም። በድርቅ ምክንያት ከወረዳ ወረዳ የሚሰደደውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የነጻ ሕክምና መብቱ የሚቋረጠው ሰውየው ከማናቸውም ጊዜ ይልቅ ለበሽታ በተጋለጠበት በዚያው ወቅት ነው።

መዋጮና የመድን አሠራር

በነጻ ሕክምናና በክፍያ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ሰው ሳይታመም በፊት እያዋጣ፣ ሲታመም ሳይጠየቅ የሚታከምበት የጤና መድን ነው። ሐሳቡ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። እድርተኛው በየወሩ የሚያዋጣው ለዚሁ ነው፤ በለቅሶው ቀን ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ነው።

በአገራችን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። እጅግ ድኻ የሆኑትን ቤተሰቦች መዋጮ የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት አውራጃዎች ከጀመረችው ሙከራ ተነሥታ ተመሳሳይ አሠራርን በአገር አቀፍ ደረጃ አስፋፍታለች።

ይህን አሠራር እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን በድርቅ አካባቢ ሁለት ድካሞች አሉበት። የመጀመሪያው፣ መዋጮው የሚከፈለው ገበሬው ገንዘብ በሚያገኝበት ወራት፣ ከአዝመራ በኋላ መሆኑ ነው፤ አዝመራው ሲጠፋ አባልነቱ ሳይታደስ ይቀራል። ሁለተኛው እድር ራሱ የሚያሳየን ነገር ነው። እድር አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ቆመው ይቀብሩታል፤ ሁሉም ባንድ ቀን ቢመቱ ግን የሚቀብር አይገኝም። ድርቅ የአንድን ወረዳ ሕዝብ በሙሉ ባንድ ጊዜ ይመታል። የመዋጮው ቋት በዚያ ወረዳ ብቻ ከተወሰነ፣ ከፋዩ ሲያንስና ታማሚው ሲበዛ ቋቱ ይደርቃል። ስለዚህ ዝናብ የዘነበለት አገር ዝናብ የቀረበትን የሚደግፍበት ሰፊ ቋት ያስፈልጋል። ለሁሉም የሚዳረስ የጤና ሽፋን የሚባለውም በመሠረቱ ይህ ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነገረው በመነሣት አራት ሐሳቦችን ለውይይት አቀርባለሁ።

1ኛ/ አንድ ወረዳ በድርቅ መጎዳቱ ተረጋግጦ የእህል ዕርዳታ ሲወሰንለት፣ በዚያው ውሳኔ በወረዳው የሕክምና ክፍያ እስከሚቀጥለው አዝመራ ድረስ እንዲነሣ ይደረግ። የእህል ተረጂዎች መዝገብ ለሕክምናም ያገልግል፤ ድኻን ሁለት ጊዜ መመዝገብ አያስፈልግም።

2ኛ/ ክፍያው ሲነሣ ጤና ጣቢያው የሚያጣው ገቢ አስቀድሞ ተሰልቶ ከዕርዳታው በጀት ይተካለት፤ መድኃኒቱም ከእህሉ ጋር እኩል ይጫን። ይህ ካልተደረገ የዑጋንዳው ችግር በእኛም ይደገማል።

3ኛ/ ሰፋሪውና ተፈናቃዩ ከቀድሞ ቀበሌው የያዘው የነጻ ሕክምና ወይም የመድን ወረቀት በደረሰበት ቦታ ሁሉ ይታወቅለት። ወረቀት የሌለውም በሠፈራ ጣቢያው መዝገብ ብቻ ይታከም፤ ሒሳቡን አስተዳደሮቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰቡ እንጂ በሽተኛው በመካከል አይንገላታ።

4ኛ/ አዝመራ በጠፋበት ዓመት የጤና መድን መዋጮ ዕርዳታ ከሚሰጠው ወገን እንዲከፈል ይደረግ። ለአንድ ቤተሰብ የሚከፈለው የዓመት መዋጮ፣ ያ ቤተሰብ በሕመም ምክንያት የሸጠውን በሬ ለመተካት ከሚያስፈልገው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ሕክምና ምንጊዜም ወጪ አለው፤ በነጻ የሚባለውንም የሚከፍለው አንድ ወገን አለ። ስለዚህ እውነተኛው ክርክር ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚለው ሳይሆን ማን፣ መቼና ከምን ይክፈል የሚለው ነው። የድርቅ ተጎጂው በታመመበት ቀን ከዘር እህሉ ላይ እንዲከፍል ከተውነው፣ የማቋቋሚያ ሥራችንን በገዛ እጃችን እናፈርሳለን። በደህናው ጊዜ ሁላችን ከየአቅማችን እያዋጣን ለክፉው ቀን ካዘጋጀነው ግን፣ ገበሬው በሬውን ይዞ የሚመጣውን ዝናብ ይጠብቃል።