የገበሬው ድኽነትና የገበሬው ድምፅ



ስለ ገጠር ድኽነት ሲነገር የምንሰማው ስለ ጐደለው ነገር ነው። ማዳበሪያ የለም፥ ምርጥ ዘር የለም፥ መንገድ የለም ይባላል። ይህ እውነት ነው። እኛ ግን ዛሬ ለመናገር የተነሣነው፥ ዘሩም ማዳበሪያውም ከመጣ በኋላ ድኻው የባሰ ድኻ ስለ ሆነበት ስፍራ ነው።

ስፍራው በአርሲ የነበረው የጭላሎ አውራጃ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው፥ በአጭሩ ካዱ የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ አቋቋሙ። ሐሳቡ ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን ለመርዳት ነበር። በቁሉምሳ የስንዴ ዘር ተፈተነ፤ ማዳበሪያ በብድር ተሰጠ፤ ምርቱም በእርግጥ ጨመረ።

ከዚያስ ምን ሆነ? ምርቱ ሲጨምር መሬቱ ተወደደ። ከጭሰኛው ድርሻውን ብቻ ይቀበል የነበረው ባለመሬት፥ በትራክተር ቢያርስ ሁሉንም ለራሱ እንደሚያስገባ አየ። ስለዚህ ብዙ ጭሰኞች ላባቸውን ያፈሰሱበትን መሬት ልቀቁ ተባሉ። ጭሰኛውን የሚጠብቅ የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ባለሙያዎቹን በክፋት አናማቸውም፥ ስንዴውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ነገር ግን ጭሰኛው በመሬቱ ላይ ቃል አልነበረውም፤ ቃል የሌለውን ሰው ደግሞ ጥሩ መከር ራሱ ያስነቅለዋል።

በመጽሐፈ ሩት እንዳነበብነው፥ ሩት በቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ ለቀመች። ቃርሚያው ከረኃብ አዳናት። የኑኃሚን ቤት የቆመው ግን የባልዋ ርስት በተቤዠ ጊዜ ነው። ብዙ የርዳታ ሥራ በቃርሚያው ላይ ያቆማል።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ጭሰኝነት ቀረ። (ቁጥሩ ከካዱ መቋቋሚያ ጋር አንድ ይመስላል፥ በመካከሉ ግን ሰባት ዓመት ተኩል አለ።) ገበሬው ደስ አለው። ብዙ ሳይቆይ ግን እህሉን በኮታ፥ መንግሥት በቈረጠው ዋጋ እንዲሸጥ ታዘዘ። መሬቱ በእጁ፥ ውሳኔው በሌላ እጅ ሆነ።

ገበሬው መምከርና ማስተዳደር አያውቅም የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚል ሰው እድር ተቀምጦ አይቶ ያውቃልን? እድርተኛው ዳኛውን ራሱ ይመርጣል፥ ገንዘብ ያዥ ይሾማል፥ የቀረውን ይቀጣል፥ ሒሳቡንም በሰው ፊት ይሰማል። በደቦም ቢሆን የማን እርሻ አስቀድሞ እንደሚታጨድ ተመካክረው ይወስናሉ። በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ እኛን ደስ የሚያሰኘን እህሉና ብሩ ብቻ አይደለም፤ የሚረዳውን ቤተሰብ ለመለየት የሰፈሩ ሰው ራሱ እንዲመክር መታሰቡ ጭምር ነው። ጐረቤቱ ከጐተራው ምን እንዳለ ያውቃልና።

አሁን ደግሞ በብዙ ስፍራ የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም ይሰጣል፥ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ማንበብ የማትችል እናት በደብተሩ የተጻፈላትን መብት በምን ታውቃለች? እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች በክረምት ወደየሀገራችን ስንገባ፥ የእናቶቻችንንና የጐረቤቶቻችንን ደብተር ከሣጥን አስወጥተን፥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድምፃችንን ከፍ አድርገን ልናነብላቸው ተስማምተናል።