ማለዳ ስፖርት ስንሠራ ለምን ያቅለሸልሸናል?

(የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ለነዋሪዎች ያደረገው ንግግር። ስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻሉ እንዲደርስ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)





እንደምታስታውሱት የማለዳ ስፖርታችንን በመስከረም ወር ስንጀምር 40 የሚሆን ሰው ነበርን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ተሰብስበን፣ ገና ዓይናችን ሳይገለጥ፣ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት በሩጫ እንያያዘው ነበር። ዛሬ ስንቆጠር 20 አንሞላም። የቀሩትን አባሎቻችንን በየቤታቸው እየዞርን ጠየቅን። አንዳንዱ የሥራ ሰዓት አልገጠመኝም አለ፤ አንዳንዱ ጉልበቱን አመመው። የሚበዙት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩን አንድ ነገር ነው። «ያስመልሰኛል» አሉን። አንዲት እህታችን እንዲያውም «በሰው ፊት መንገድ ዳር ጎንበስ ብዬ ካስመለስኩ በኋላ እንዴት ብዬ ነው ተመልሼ የምመጣው?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ሰው ሲያቅለሸልሸው «በርታ! ሰውነትህ እየጸዳ ነው» ስንል የነበርነው እኛው የኮሚቴው አባላት ነን። ማስመለስ የጉብዝና ምልክት ይመስለን ነበር። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው፤ ከሰፈራችን ጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠን፣ እየጠየቅንና እያነበብን የደረስንበትን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

በቅድሚያ ነገሩ ከምን እንደሚመጣ እንይ። ሰው አርፎ ሲቀመጥ ልብ ከሚረጨው ደም አምስት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ በለጥ ያለው ወደ ጨጓራ፣ ወደ አንጀትና ወደ ጉበት ይሄዳል። ዳገት በሩጫ ስንወጣ ግን እግራችን «ደም አምጣ» ይላል፤ ቆዳችንም ሙቀቱን ለማስወጣት የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። ሰውነት ታዲያ ከሆድ ዕቃ ቀንሶ ለእነሱ ይሰጣል። ሩጫው ሲከር ወደ ሆድ የሚሄደው ደም ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጨጓራ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። በውስጡ ምግብ ካለ እዚያው ይቀመጣል፣ በሩጫው ይናጣል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይመጣል። የሚያንቋቋን ይኸው ነው። ስለዚህ ማቅለሽለሽ የስንፍና ምልክት ሳይሆን ሰውነት «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» የሚልበት ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአገራችን አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከምንስበው ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ ለእግር መንገድ አይሰማንም። ለሩጫ ግን ይሰማል፤ በዝቅተኛ አገር ቀላል የሚባለው ፍጥነት እዚህ ዳገት ላይ ወደ ጣሪያችን ያስጠጋናል። ሯጮቻችን በዚህ አየር ዓለምን አሸነፉ እያልን እንኮራለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን እነሱ ለዓመታት ቀስ በቀስ የገነቡትን እኛ በሦስት ሳምንት ልንደርስበት ነው የፈለግነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ራት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። ከሥራ የምንገባው መሽቶ፣ ራት የምንበላው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የምንተኛው እንደተነሣን። ቅባትና ሥጋ ከጨጓራ ለመውጣት ረጅም ሰዓት ይፈልጋሉ። የበርበሬው ወጥ ደግሞ ጨጓራ ላለበት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለው ያድራል። ዓርብ ማታ ክትፎውንም ቢራውንም ካልን በኋላ ቅዳሜ ማለዳ ዳገት ላይ «ምን ነካኝ?» ማለት አያምርብንም። (ስም አንጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።) መጠጥ ጨጓራን ከማስቆጣቱም በላይ ውሃችንን አሟጦ ያሳድረናል። በማግስቱ ስፖርት ያለበት ቀን ራታችንን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ቢዘገይ እስከ 2 ሰዓት፣ ቀለል አድርገን ብንበላ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

«እንግዲያው ጭራሽ ባዶ ሆዴን ልሂድ» የሚል አለ። ይህም ለአንዳንዱ ሰው ይስማማዋል፤ ለስለስ ያለ ሶምሶማ ከሆነ ብዙ ሰው ባዶ ሆዱን ሮጦ ምንም አይሆንም። ለከባድ ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳንበላ ስናድር ጉበታችን ያጠራቀመው ስኳር ይቀንሳል። በዚያ ላይ ዳገት ሲጨመርበት ላብ ላብ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ሆድም ይጥወለወላል። ባዶ ጨጓራ ላይ የሚቀመጠው አሲድም የራሱን ያደርጋል። በባዶ ሆድ ወፍራም ቡና ጠጥቶ መውጣት ይህን የሚያባብስባቸው ሰዎች አሉ፤ ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚሆን ካለ ቡናውን ለመልስ ያቆየው።

መካከለኛው መንገድ ከአያቶቻችን ጓዳ ይገኛል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ቀጠን አድርጎ በጥብጦ፣ ጨው ጣል፣ ስኳር ወይም ማር ጠብ አድርጎ፣ ከመነሣታችን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መጠጣት ነው። ወፍራም ድፍድፍ አይሁን፤ ገብሱ አሠር ስላለው ከበዛ ራሱ ሆድ ላይ ይቀመጣል። በሶ የማይስማማው ግማሽ ሙዝ ወይም ቁራሽ ነጭ ዳቦ ይበቃዋል። ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የነካው ገንፎ ለቁርስ ይቆዩ። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ሰዓታቸው አይደለም እንጂ።

ስለ ውሃ አጭር ቃል እንናገር። ከእንቅልፍ እንደተነሣን አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብሎ መጠጣት ጥሩ ነው። ኮዳ ሙሉ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ መሮጥ ግን እንደ እንስራ መንቦጫቦጭ ነው። ጣፋጭ ጭማቂና ለስላሳም እንዲሁ፤ ስኳሩ ስለሚበዛ በሩጫ ጊዜ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ከአንድ ሰዓት ላነሰ ስፖርት፣ በዚህ ብርድ፣ በመሀል ጥቂት መጎንጨት ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ደግሞ አሳስቦናል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከቤቱ ሲወጣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ይውጥና ይመጣል። እነዚህ ክኒኖች የጨጓራን ግድግዳ ያስቆጣሉ፤ ደም በሸሸው ጨጓራ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ይብስባቸዋል። ጉልበቱ ካመመ ያን ቀን በእግር መሄድ ይሻላል።

ስለ ጾም የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ፣ በረመዳንም ቀኑን ሙሉ የምትጾሙ ወንድሞችና እህቶች፣ ማለዳ ዳገት መሮጡን ለጊዜው ተዉት። ከሮጣችሁ በኋላ ውሃ እንኳ ሳትቀምሱ ብዙ ሰዓት መቆየታችሁ ነው ችግሩ። ቀለል ያለ እርምጃና ሰውነት ማፍታታት ይበቃል። ጠንከር ያለውን መሥራት የፈለገ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ወይም ካፈጠረ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ያድርገው። ጾም ፈርቶ ስፖርት ያቆመ፣ ስፖርት ወዶ ጾም የፈታ ሰው እንዲኖር አንፈልግም።

ወደ አሠራራችን እንመለስ። ትልቁ ስሕተታችን ከአልጋ ተነሥተን በቀጥታ ዳገት መጀመራችን ነበር። ቀዝቃዛ ሰውነት በድንገት ሲጣደፍ ትንፋሽ ይቀድመናል፣ ጡንቻም በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ደማችን ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ ማቅለሽለሹ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእግር ጉዞና በቀላል ሶምሶማ ማሟሟቅ ግድ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ መለኪያችን አንድ ይሁን፦ ከጎናችን ካለው ሰው ጋር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው። ለወሬ ስፖርት ይዘን መጥተናል ብላችሁ አትሳቁ፤ ከወሬው ይልቅ ትንፋሹን ነው የምንለካው።

ማቅለሽለሹ ከመጣስ? ድንገት ቀጥ ብሎ አለመቆም። እግር ላይ የነበረው ደም እዚያው ስለሚቀር ራስ ያዞራል፣ ሰውም ይወድቃል። ሩጫውን ወደ እርምጃ ማውረድ፣ በአፍንጫ ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ የአንገት ልብስና ዚፕ መፍታት፣ ፊትንና ማጅራትን በቀዝቃዛ ውሃ ማራስ ይረዳል። ዓይኑ የጨለመበት ሰው መሬት ላይ ተኝቶ እግሩ ከፍ ይበልለት፤ የሚያስመልሰው ከሆነ ግን በጎኑ ይተኛ። ካስመለሰ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጎንጭ። የዚያን ቀን ሩጫ እዚያ ላይ ያበቃል። «ወጥቶልኛል፣ አሁን እችላለሁ» ብሎ መቀጠል የለም።

አሁን የምንነግራችሁ ግን ይህን ስብሰባ ያስጠራን ጉዳይ ነው። ከአባሎቻችን አንድ አባት በኅዳር ወር ሦስት ማለዳ በተከታታይ ዳገቱ ላይ ያቅለሸልሻቸው ነበር። ቀዝቃዛ ላብ ያልባቸዋል፤ ይቀመጣሉ፤ ሲያርፉ ይተዋቸዋል። እኛ ምን አልናቸው? «ጋሼ፣ ዳገቱ ነው፤ ይለምዱታል» አልናቸው። እሳቸውም ጨጓራዬ ነው ብለው ተልባ ሲጠጡ ሰነበቱ። ልጃቸው ግን አባቷ ከስፖርት ሲመለሱ አገጫቸውን እንደሚያሻሹ አየችና ጥርስዎን ነው ወይ አለቻቸው። አይ፣ ስሮጥ አገጬን ይይዘኛል ሲሏት ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የልብ ደም ሥር ጥበት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በሕክምና ላይ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናቸው፣ እዚህም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ይህን እንድንናገር የፈቀዱልንም ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ባትኖር ኖሮ አራተኛውን ማለዳ ዳገቱን እናስወጣቸው ነበር። ይህን ስናስብ አሁንም እንቅልፍ ይነሣናል።

ስለዚህ ደረት ላይ የመጫን ስሜት፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አገጭ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከማቅለሽለሽ ጋር አብሮ የመጣበት ሰው ጉዳዩ የሆድ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ። በሴቶች ላይ ደግሞ ማቅለሽለሽና ከባድ ድካም ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ዕረፍት ካልተወው በ907 አምቡላንስ መጥራት፤ ቢተወውም ሐኪም ሳያየው ዳገት አለመርገጥ። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን የምትወጉ ሰዎች ኪሳችሁ ከረሜላ አይለየው፤ አብሯችሁ የሚሮጠውም ሕመማችሁን ይወቅ። ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረበት ሰው ያኑኑ ቀን ይታከም። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ኑ፤ ለእናንተ እርምጃው ይበቃል። ስፖርት በማንሠራበት ቀንም ለሳምንታት የሚቆይ ማቅለሽለሽ ካለ ደግሞ የጨጓራ ባክቴሪያ ወይም የአንጀት ጥገኛ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ነው።

በመጨረሻም ኮሚቴው የወሰነውን እናሳውቃችሁ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ መሰብሰቢያችን ያው ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ሰዓቱ ግን ወደ 12 ሰዓት ተገፍቷል፤ በሶ የጠጣውም እንዲረጋለት ነው። ጉዟችን በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በእርምጃ፣ ሌላው በሶምሶማ። የሩጫው ዳገት ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ይሆናል። ከኮሚቴው አንድ ሰው ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል፤ ውሃና ፎጣ ይይዛል፤ የቀረ ሰው ካለ አብሮት ይቀራል። የመጀመሪያው ሳምንት ተረኛ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ናቸው፤ «በርታ!» ሲሉ ከሁላችንም ድምፃቸው ይጎላ ስለነበር ይህ ተራ በአንድ ድምፅ ተሰጥቷቸዋል። ያስመለሳችሁና ያፈራችሁ ሁሉ፣ ከእኛ ከኮሚቴው አባላት መካከልም ሦስታችን እዚያው ቦይ ዳር አስመልሰናል። ቅዳሜ እንጠብቃችኋለን። በሶውን በትልቁ ማሰሮ የሚበጠብጡት እማማ ናቸው፤ ብርጭቆ ግን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።